ቤትና ግቢን የባህል ፓርክ ማድረግ፦ ከቀለም በፊት ውሃ፣ ከምረቃ በፊት መዝገብ

አንድ ቤተሰብ ለሦስትና ለአራት ትውልድ የኖረበት ቤት ከነግቢው ለሕዝብ እንዲከፈት ሲወሰን፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። የተሰነጠቀው ልስን በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ግድግዳው በፕላስቲክ ቀለም ይለበጣል፤ ያረጀው ቁጥቋጦ ተነቅሎ ሣር ይተከላል፤ የጠጠሩ መንገድ ኮንክሪት ይፈስበታል። በምረቃው ዕለት ሁሉም ነገር ያምራል። ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ግን ቀለሙ ከግርጌው ጀምሮ ይላጣል፣ ልስኑ ያብጣል፣ ከቤቱ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ዛፍ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ሁለቱንም የጎዳቸው እድሳቱ ነው። ዝም ቢባሉ ኖሮ ገና ብዙ ዓመት በቆዩ ነበር።

ሥራው የሚከብደው ጠባያቸው የማይገናኝ ሁለት ነገሮችን በአንድ እጅ መያዝ ስለሚጠይቅ ነው። ቤት ባለበት እንዲቆይ ይፈለጋል። ግቢ ደግሞ ካላደገና ካልተለወጠ ሞቷል ማለት ነው። ስለ ሕንፃዎች የወጣው የ1964ቱ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቬኒስ ቻርተር ለአትክልት ስፍራ እንደማይበቃ ታይቶ፣ ኢኮሞስ የተባለው የቅርስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት በ1981 የፍሎረንስ ቻርተርን ያዘጋጀው በዚህ ምክንያት ነው። ሰነዱ ታሪካዊ የአትክልት ስፍራን «ሕያው ሐውልት» ይለዋል፤ ተክል ስለሆነ ይጠፋል፣ ስለሚጠፋም ይተካል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

ይዞታው ሳይጠራ መዶሻ አይነሳ

የውርስ ቤት ብዙውን ጊዜ ያልተከፋፈለ የብዙ ወራሾች ንብረት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሳይፈርም የተጀመረ ሥራ ግማሽ ላይ ደርሶ በፍርድ ቤት እግድ ሊቆም ይችላል፤ ጣሪያው ተነሥቶ ግድግዳው ዝናብ እየጠጣ። ስለዚህ የሁሉም ስምምነት በጽሑፍ ይያዛል፤ ከዚያም ንብረቱን የሚረከበው ፋውንዴሽን፣ የአደራ ተቋም፣ ማዘጋጃ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ይወሰናል። የሕጉ መልክ እንደየአገሩ ቢለያይም በስጦታው ውል ውስጥ መግባት ያለባቸው ነጥቦች አይለያዩም።

የመጀመሪያው ነጥብ ቤቱ፣ ግቢውና የቤቱ ዕቃ ሳይነጣጠሉ እንደ አንድ ንብረት መተላለፋቸው ነው። በጣም የተለመደው ጥፋት ቤቱን ሰጥቶ ዕቃውን መከፋፈል፣ የግቢውን ጥግ ደግሞ ቆርሶ መሸጥ ነው። ባዶ ክፍል ማንም ሊያስጎበኝ ይችላል፤ የዚያን ቤተሰብ ኑሮ የሚያስረዳው ግን የተበሳው ወንበርና ያረጀው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ነው። ሁለተኛ፣ ተረካቢው ተቋም ቢፈርስ ንብረቱ ለማን እንደሚተላለፍ ይጻፋል። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ በቤቱ የመኖር፣ የመሰብሰብ ወይም ክፍል የማስቀረት መብት ካለው መጠኑና ዘመኑ ይገለጻል። አራተኛ፣ ፎቶግራፎቹና ደብዳቤዎቹ ዕቃቸው ብቻ ሳይሆን የማተምና የማባዛት መብታቸውም ይጠቀሳል፤ ይህ ከተረሳ ፓርኩ የራሱን ታሪክ በፖስተር ለማተም እንኳ ፈቃድ ለማኝ ይሆናል።

ገንዘቡን በተመለከተ ከሌሎች መማር ይጠቅማል። የብሪታንያው ናሽናል ትረስት ከ1937 ጀምሮ ታላላቅ የቤተሰብ ቤቶችን ሲረከብ፣ ለጥገና የሚሆን ጥሪት ወይም ገቢ ያለው መሬት አብሮ እንዲሰጠው ይጠይቅ ነበር። ጨካኝ ሊመስል ይችላል፤ ግን ልክ ነው። የመግቢያ ትኬት የዘበኛና የአስጎብኚ ደመወዝ ቢሸፍን እንኳ ጣሪያ አያስለውጥም። የመጀመሪያውን ጥገና ብቻ በጀት ይዞ የሚከፈት ፓርክ የሚቀጥለውን ጥገና ከየት እንደሚያመጣ አያውቅም።

ሳይጠረግ የሚመዘገብ

ቤቱ ከመጠረጉ በፊት ይመዘገባል። ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ የማይመለስ ጥፋት ነው፤ በአንድ ቀን የጽዳት ዘመቻ የማን እንደሆነ የማይታወቅ «ቆሻሻ» ይወጣና የቤቱ ግማሽ ታሪክ አብሮ ይጣላል። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይሰጠዋል። ከበሩ በስተግራ ጀምሮ በአንድ አቅጣጫ አራቱ ግድግዳዎች፣ ከዚያ ጣሪያውና ወለሉ ፎቶ ይነሣሉ፤ በየምስሉ ውስጥ መለኪያ ዘንግ ይቀመጣል። ዕቃ የሚነሣው የነበረበት ቦታ ከተመዘገበ በኋላ ነው። የመዝገብ ቁጥሩ በጥጥ ክር በታሰረ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ማጣበቂያ ፕላስተር እንጨትና ቆዳ ላይ ሙጫውን ይተዋልና አይለጠፍም። ለቤቱ በ1፡50፣ ለግቢው በ1፡200፣ ለበርና መስኮት ዝርዝር በ1፡10 መለኪያ የተሳለ ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የግቢው ምዝገባ ግን ባንድ ሳምንት አያልቅም፤ ሙሉ ዓመት ይፈልጋል። በደረቁ ወራት ባዶ መስሎ የሚታይ መደብ ከመሬት በታች የሚያንቀላፋ ሥርና እንደ ሽንኩርት ያለ ኮረት ሊኖረው ይችላል፤ ዝናብ ሲመጣ ያብባል። ሳያይ የቆፈረው አካፋ እነዚህን ቆራርጦ ይጨርሳል። ዛፍ ሁሉ ቁጥር፣ ስም፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ የተለካ የግንድ ውፍረት፣ የአክሊሉ ስፋትና የጤናው ሁኔታ ይመዘገብለታል። የድሮ መንገዶችና የፈረሱ መደቦች ብዙ ጊዜ በአሮጌ የአየር ፎቶግራፍ ላይ ወይም ማለዳና ማታ ፀሐይ አግድም ስትወድቅ መሬቱ ላይ ይለያሉ።

የሰው ትዝታም መዝገብ ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገመው ስሕተት የቤቱን ልጆች ብቻ መጠየቅ ነው። ውሃ የቀዳው፣ ልብስ ያጠበችው፣ አጥር የከረከመው ሰው የትኛው ቧንቧ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው በር በክረምት እንደሚያብጥ ያውቃል፤ እንግዳ ተቀባዩ ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ይህን አያውቅም። እነዚህ ሰዎች ባብዛኛው አርጅተዋል፤ ከግንበኛው በፊት እነርሱ ይጠየቁ።

የትኛው ዘመን ይመለስ?

ቤቱ መጀመሪያ በረንዳ አልነበረውም፤ በኋላ ተጨመረለት። ከዚያም መታጠቢያ ክፍል ገባ፣ ጣሪያው በቆርቆሮ ተለወጠ። ወደ መጀመሪያው ዘመን እንመልሰው የሚል ፈተና ሁልጊዜ ይመጣል። የቬኒስ ቻርተር ግን ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ እድሳት ይቁም ይላል፤ የኋላ ዘመን ጭማሪዎችንም የታሪኩ አካል አድርጎ ያያቸዋል። በመኖሪያ ቤት ላይ ይህ ይበልጥ እውነት ነው። ቤተሰቡ ሲሰፋ የተቀጠለው ክፍል ስለ ቤተሰቡ የሚናገረው ከመጀመሪያው ሳሎን አያንስም። በግልጽ የሚጎዳ ጭማሪ፣ ለምሳሌ ውሃ ወደ ግድግዳ የሚመልስ ዘመናዊ የሲሚንቶ ንጣፍ፣ ይነሣል፤ ሌላው ይቆያል። የጎደለ ቁራጭ በአዲስ ሲተካ ከሩቅ እንዲስማማ፣ ከቅርብ ሲታይ ደግሞ አዲስነቱ እንዲለይ ይደረጋል፤ ከጀርባው ዓመቱ ቢቀረጽ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ውሃ

የአሮጌ ቤት ጠላት ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ምስጥ፣ ሻጋታ፣ ጨው፣ ዝገት ይባላል። የሁሉም እናት እርጥበት ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው የጥገና ገንዘብ ጣሪያ፣ አሸንዳና ፍሳሽ ላይ ይውላል። ሌላው ሥራ ይጠብቅ።

የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው ዝናብ እየዘነበ ነው። ጃንጥላ ይዞ ቤቱን መዞርና ውሃው ከየት እንደሚፈስ፣ የት እንደሚቋት ማየት ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። አሸንዳው ሞልቶ ወደ ኋላ የሚያፈስስ ከሆነ ጣሪያውን የሚሸከመው የወራጅ እንጨት ጫፍና የግድግዳው አናት ሁልጊዜ እርጥብ ናቸው፤ ከታች የሚታየው እድፍ የዚያ ውጤት ነው። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ግድግዳው ሥር ከደፋው ውሃው መሠረቱን ያጠጣዋል፤ በቦይ ወይም በቱቦ ከቤቱ መራቅ አለበት።

ቤቱን የሚያጠጣው ብዙ ጊዜ ግቢው መሆኑ ይረሳል። በየዓመቱ የሚጨመረው አፈርና ፍግ መደቡን ከፍ ያደርገዋል፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ የውጭው መሬት ከወለሉ ጋር እኩል ይሆናል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ያኔ እርጥበቱ በግድግዳው ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይሳባል፤ ወደ 1 ሜትር ገደማ ላይ የሚታየው የጨው መስመር የዚያ ምልክት ነው። መፍትሔው አፈሩን መልሶ ማንሣት ነው፤ የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ ከግድግዳውም ይሸሻል፤ በ2 ሜትር ርቀት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ይበቃል። ሲቆፈር መሠረቱ እንዳይጋለጥ ጥልቀቱ አስቀድሞ በትንሽ ጉድጓድ ይፈተሻል። ግድግዳ ሥር የተተከለ አበባና ወደ ግድግዳ የሚረጭ የውሃ መርጫ ይነሣሉ፤ አበባው የቤተሰቡ መታሰቢያ ከሆነ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ይተከላል።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው። እርጥበት የጠጣ ግንብ የሚደርቀው በወር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ነው፤ 50 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ከሁለት በኩል ቢደርቅ እንኳ ወደ 10 ወር ይፈጃል። ብዙ ፕሮጀክት የሚበላሸው የምረቃው ቀን ከግድግዳው ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ልስን ይረግፋል፤ ይህ የግንበኛው ስንፍና ተደርጎ ይወሰድና ሁለተኛ ጊዜ በጠነከረ ሲሚንቶ ይለሰናል።

ሲሚንቶ ለምን ይጎዳል? ፖርትላንድ ሲሚንቶ በ1824 በእንግሊዝ የፈጠራ መብት ቢያገኝም በተራ መኖሪያ ቤት የተለመደው ብዙ ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ግድግዳ በጭቃ ወይም በኖራ ተያይዞ የቆመ፣ የሚተነፍስ ግድግዳ ነው፤ የገባበት እርጥበት በገጹ ይወጣል። ሲሚንቶ ያንን መውጫ ይዘጋዋል። ውሃው ከኋላው ይጠራቀማል፣ ጨዉ ከልስኑ ጀርባ ይደርቃል፣ እየሰፋም ለስላሳውን ድንጋይና ጡብ ይፈረፍራል። ሲሚንቶው ደህና ሆኖ ይቆያል፤ የሚጠፋው ሊጠብቀው የተለሰነለት ግድግዳ ነው። በተጨማሪም አሮጌ ቤት እንደ ወቅቱ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ኖራ እንቅስቃሴውን ይችለዋል፣ ሲሚንቶ ግን ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ውሃ ያስገባል።

ለኖራ ልስን የተለመደው ድብልቅ በመጠን 1 እጅ የበሰለ የኖራ ሊጥ ለ3 እጅ አሸዋ ነው። አሸዋው ከደቃቁም ከሻካራውም የተመጣጠነ፣ ከአፈርና ከጨው የታጠበ ይሁን። ኖራው ውሃ ውስጥ ከጠፋ (ፈልቶ ከበረደ) በኋላ ቢያንስ 3 ወር ተከድኖ ይቆያል። ያልጠፋ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይንም ያሳውራል፤ መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው፤ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ኖራው አይፈስም። ግድግዳው ቀድሞ ይረጠባል። እያንዳንዱ ልባስ ከ10 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቀጣዩ የሚለሰነው የፊተኛው ሲጠነክር ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ አይቸኩልም። በፀሐይ ከተቃጠለ ዱቄት ይሆናል፤ ስለዚህ እርጥብ ጆንያ ይሰቀልበታል፣ ለጥቂት ቀናትም ውሃ ይረጫል። ላዩ የሚቀባው የኖራ ቀለም ነው፤ የፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ ልፋቱ ሁሉ ባዶ ነው።

እንጨቱን በሚመለከት፣ በውስጡ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን የመበስበስ አደጋ ይጀምራል። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ይህን ያሳያል፤ ባይኖር በቀጭን ወስፌ መውጋት ብዙ ይናገራል። ጫፉ የበሰበሰ ወራጅ ሙሉ በሙሉ አይጣልም። የበሰበሰው ክፍል ጤናማ እንጨት እስኪገኝ ተቆርጦ በዚያው ዓይነት፣ በደረቀ እንጨት በሰያፍ መጋጠሚያ ይቀጠላል። ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ብረት የማይዝግ ይሁን፤ ተራ ብረት ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቃል።

አሮጌ የኤሌክትሪክ መስመር ሁሉ ይለወጣል። አዲሱ ገመድ ግን በድሮው ልስን ውስጥ ቦይ ተቆፍሮለት አይቀበርም፤ በገጹ ላይ በቱቦ ቢታይ ይሻላል፣ ነገ በቀላሉ ይነሣልና።

ወለሉ ስንት ሰው ይችላል

ለቤተሰብ የተሠራ ወለል በዛሬ ስሌት በካሬ ሜትር 150 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሸከም ይታሰባል። ሕዝብ የሚሰበሰብበት አዳራሽ 400 እና ከዚያ በላይ ይጠየቃል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ፎቅ ላይ ያለ ሳሎን ይታሰብ። ከ20 ካሬ ሜትሩ 12ቱን ዕቃና መከለያ ገመድ ቢይዘው ለጎብኚ 8 ይቀራል። 25 ሰው እያንዳንዱ 75 ኪሎ ሆኖ ቢገባ በካሬ ሜትር 234 ኪሎ ይሆናል፤ ከአቅም በላይ ነው። 12 ሰው ሲሆን ወደ 113 ይወርዳል። ምስጥ የበላውና ለቧንቧ የተቦረቦረ ወራጅ ከስሌቱ በታች ስለሆነ መሐንዲስ ከሥር ገብቶ ሳያይ ቁጥሩ አይጽደቅ። የቡድኑን መጠን የሚወስነው የአውቶቡሱ ወንበር ቁጥር ሊሆን አይገባም።

ብርሃንም ዝም ብሎ የሚበላ ነው። ለጨርቅና ለወረቀት 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቅብ ሥዕል 200 ሉክስ የተለመደው ከፍተኛ መጠን ሲሆን የቀትር ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ጉዳቱ ይደመራል፤ በ500 ሉክስ የቆየ 1 ሰዓት በ50 ሉክስ ከቆየ 10 ሰዓት ጋር እኩል ነው። ጎብኚ በሌለበት ሰዓት መጋረጃ መዝጋት ምንም የማያስወጣ ጥበቃ ነው። ቁም ሣጥን ከውጭ ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከኋላው አየር ካልዞረ ይሻግታል።

ዛፎቹ

ዛፍ የሚገደለው ብዙ ጊዜ በመጋዝ አይደለም፤ ሥሩ ላይ በተሠራ መንገድ፣ በቆመ መኪና፣ በተከመረ አፈር ነው። አብዛኛው ውሃና ምግብ የሚስበው ቀጭን ሥር በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሚገኝ፣ መሬቱ ሲረገጥ አየር ያጣና ይታፈናል። ዛፉ ግን ወዲያው አይናገርም፤ ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላ ሲደርቅ ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። መለኪያው ቀላል ነው፦ የግንዱን ውፍረት በ12 ማባዛት። ከጎን ወደ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ በየአቅጣጫው 7.2 ሜትር ይከበርለታል። በዚያ ክበብ ውስጥ አይቆፈርም፣ አሸዋና ድንጋይ አይራገፍም፣ የኮንክሪት ማደባለቂያ አይታጠብም። መንገድ የግድ ማለፍ ካለበት ሳይቆፈር ከላይ የሚነጠፍና ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን። ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን እብጠት ሳይነካ ከእርሱ ውጪ ይቆረጣል፤ ቁስሉ ቀለም አይቀባም፣ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል። ግርጌው ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቅጠል ቢለብስ ይወዳል፤ ግንዱን ግን አይንካው።

ሁሉም ዛፍ አንድ ቀን ይሞታል። ስለዚህ ገና በሕይወት እያለ ከራሱ በቁርጥራጭ ወይም በክተባ (ቅርንጫፉን ከሌላ ግንድ ጋር በማጋጠም) ችግኝ ይባዛል፤ በተለይ ፍሬ ዛፍ ከዘር ሲበቅል ከእናቱ ይለያል። ቢያንስ ሁለት ችግኝ ይያዛል፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። በዋሽንግተን የሚገኘው ዱምባርተን ኦክስ የብሊስ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር፤ በ1940 ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ የአትክልት ስፍራው ነዳፊ ቢያትሪክስ ፋራንድ ለቀጣዮቹ አትክልተኞች መመሪያ ጽፋለች። እያንዳንዱ ተክል በቦታው ለምን እንደተተከለ፣ ምን ያህል ቁመት እንዲደርስ እንደሚፈቀድለት፣ ሲሞት በምን ሊተካ እንደሚችል ዘርዝራለች። ማንኛውም ግቢ ሊኖረው የሚገባ ሰነድ ይህ ነው።

ሰነድ ሳይኖር ሲቀር ምን ያህል እንደሚከብድ በፈረንሳይ የሚገኘው የዚቨርኒ መንደር ያሳያል። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ በ1926 ከሞተ በኋላ ቤቱና ግቢው ቀስ በቀስ ተዳከሙ፤ ልጁ ሚሼል በ1966 ለፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አወረሰው። ዋናው እድሳት በ1977 ተጀምሮ በ1980 ለሕዝብ ተከፈተ። ሁለቱን የአትክልት ስፍራዎች የሚለያየውን አውራ ጎዳና ጎብኚ በደህና እንዲሻገር ከመሬት በታች ማለፊያ ተሠርቷል፤ ቤተሰብ በእግሩ የሚሻገረው መንገድ ለሕዝብ ሲሆን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል።

ግቢው ፓርክ ሲሆን

መጸዳጃ፣ ትኬት መቁረጫና ሻይ ቤት ዋናው ቤት ውስጥ አይገቡም። ቧንቧና ምድጃ ወደ ቤቱ የሚያመጡት እርጥበትና እሳት ነው። የድሮ ጋጣ ወይም መጋዘን ካለ ይስተካከልላቸው፣ ከሌለ በግቢው ጫፍ አዲስና ቀላል ሕንፃ ይሠራ፤ የድሮ መምሰል የለበትም። ጓሮው፣ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይና የዶሮ ቤቱ «አያምሩም» ተብለው በሣር አይተኩ፤ የቤተሰቡ ኑሮ የቆመው በእነርሱ ላይ ነበር።

ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው የመንገዱ ስፋት 1.2 ሜትር፣ ሁለት እንዲተላለፉ 1.8 ሜትር ያስፈልጋል፤ መወጣጫው በ12 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። የድሮው መንገድ ጠባብ ከሆነ አይሰፋም፤ ሌላ ዙር መንገድ በኋላ ዘመን በተለወጠው የግቢው ክፍል ላይ ይቀየሳል። ለሠርግና ለኮንሰርት የሚተከል ድንኳን ካስማው ከዛፎቹ ክበብ ውጪ ይመታል፤ የቆመ ሕዝብ እርጥብ መሬት ላይ አይሰበሰብ፣ አንድ የዝናብ ማታ አፈሩን ለበርካታ ዓመት ጠጣር ያደርገዋል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በዓመት አንድ ወር ይዘጋ። አሸንዳው ዝናብ ከመግባቱ በፊትና ቅጠል ከረገፈ በኋላ ይጠረጋል፣ ጣሪያው በየዓመቱ ይታያል፣ ሙሉ ሕንፃው በየ5 ዓመቱ በባለሙያ ይመረመራል። የተሠራው ሁሉ፣ ድብልቁ ከነመጠኑ፣ በአንድ መዝገብ ይጻፋል። አሮጌው አትክልተኛ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት አዲሱ ሙሉ ዓመት አብሮት ይሥራ፤ ከዝናብ እስከ ዝናብ፣ እያንዳንዱን ዛፍ በየወቅቱ አብረው እስኪያዩት ድረስ።